የእናቴ ጄራኒየም እኔ ቤት ሲገባ ሽታው የት ሄደ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የጓሮና የበረንዳ ወዳጆች።

ቢሾፍቱ፣ እናቴ ቤት፣ ከደጃፉ ደረጃ አጠገብ ጆሮው የወለቀ አሮጌ ባልዲ ውስጥ የበቀለ ተክል አለ። ሰፈሩ ጄራኒየም ይለዋል፤ እናቴ ሽቶዬ ከማለት በቀር ስም ሰጥታው አታውቅም። አበባው ጥቃቅን፣ ሐመር ሮዝ፣ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ጉዱ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጡ የነጠላችሁ ጫፍ ከነካው ሳሎን እስክትገቡ ድረስ የጽጌረዳ ሽታ ይከተላችኋል። እናቴ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቃ የሀገር ልብስ በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ በነጠላዎቹ መካከል ትበትነዋለች። ለጥምቀት ሳጥኑ ሲከፈት በዓሉ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቁራጭ ወስጄ አዲስ አበባ፣ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ተከልኩት። ጸደቀ፤ አደገ። ዛሬ ቁመቱ ወገቤን አልፏል፣ ቅጠሉ መዳፌን ያክላል፣ ልምላሜው ጎረቤት ያስቀናል። ግን አይሸትም። ሳሸው የሚወጣው የታጨደ ሣር የመሰለ ነገር ነው፤ ጽጌረዳው ካለም ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ ድምፅ ነው። በየቀኑ አጠጣዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት? ተክሉ ያው ሆኖ ሳለ ሽታው እንዴት ይለወጣል?

(ጥያቄውን ካቀረብኩ በኋላ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዘመ፣ ተጣላ፣ መንገድ ሳተ፣ ተመለሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ስለሚጠይቅ የተባለውን በራሴ ቃል፣ ከነቁጥሩ ላስቀምጥ። ስድቡን ትቼዋለሁ፤ ቁጣውን ግን አልተውኩም።)

1. መጀመሪያ የደረሱት ትሑት ሰው ነበሩ፤ ሰላምታቸው ከመልሳቸው ይረዝማል። ሽታ የምወድ ከሆነ ከጄራኒየም እንዳልጠብቅ መከሩኝ። ባደጉበት ግቢ አጥሩ በሙሉ ቀይ ጄራኒየም ነበር፤ ቅጠሉን የነካ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ሽታው የዛገ ሚስማር ነው። ይልቅ ጽጌረዳ ገዝቼ እንድገላገል አሳስበው፣ ለእናቴ ጤና ተመኝተው ወጡ።

2. የእፅዋት ሳይንስ መምህር ነኝ ያሉ ሴት፣ ቁጥር 1ም እኔም ያልተሳሳትን፣ ነገር ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ተክሎች የምናወራ መሆናችንን አስረዱ። የቁጥር 1 ተክል ክብ ቅጠል ያለው፣ ቅጠሉ መሀል ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለበት የሚታይበት፣ አበባው ደማቅ የሆነው የአጥርና የመስኮት ጄራኒየም ነው። የእናቴ ግን ቅጠሉ እንደ ጣቶች በጥልቀት የተሰነጣጠቀ፣ ሲነኩት ለስላሳ ፀጉር ያለው መሆን አለበት አሉ። ከዚያ እስከዛሬ ማንም ያልነገረኝን ነገሩኝ። በዚህ ቅጠል ገጽ ላይ የክብሪት እንጨት የመሰሉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች ቆመዋል፤ የክብሪቱ ራስ ዘይት የቋጠረች እጢ ናት። ስናሸው ራሷ ትፈነዳለች። ጽጌረዳ ሳትነካ በራሷ የምታውደው፣ ይህ ግን ነጠላ ካልዳበሰው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ፎቶግራፍ እንዳቀርብም ጠየቁ።

3. ይህ የራሴ ነው። እኅቴ ከቢሾፍቱ አንድ ዝንጣፊ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ከእኔው ቅጠል ጎን አስቀምጬ አነሳሁና ለጠፍኩ። የልጄን አጉሊ መነጽር ተውሼም አየሁ። የእናቴ ቅጠል ከእኔው በግማሽ ያንሳል፤ ጠንከር፣ ሸከር ይላል፤ ፀጉሩ እንደ ኮክ ልጣጭ ጥቅጥቅ ብሏል። የእኔው ለስልሶ ተዘርግቷል፤ ፀጉሮቹ ወዲያና ወዲህ፣ ዘግይቶ እንደተዘራ ማሳ ሳስተው ቆመዋል።

4. መምህርቷ ተመልሰው ሁለቱም ያው ተክል እንደሆኑ አረጋገጡ፤ ቁራጭ እንደ ዘር አይደለም፣ የእናቱ ግልባጭ ነው። ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የቤቱ ነው ብለው፣ እንዳይከፋኝ ፈገግታ አከሉበት።

5. ከዚያ ስም አራሚው መጣ፤ የዚህ መድረክ ክር ያለ እርሱ አልፎ አያውቅም። የክሩ ርእስ ራሱ ስሕተት ነው አለ፦ ይህ ጄራኒየም ሳይሆን ፔላርጎኒየም ነው። ስዊድናዊው የእፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሏቸው ነበር፤ ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ በ1789 ለያያቸው፤ ሰው ግን አሮጌውን ስም አልለቅ ብሎ እስከዛሬ ይኸው። ፍሬያቸው እንደ ወፍ ምንቃር ስለሚሾል ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከግሪክ የወፍ ስሞች ነው፤ የፔላርጎኒየሙ ወፍ ሽመላ ነው። መለያውንም ሰጠ፦ የእውነተኛው ጄራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እኩያ ናቸው፤ የፔላርጎኒየም ሁለቱ የላይኞቹ ከሦስቱ የታችኞቹ ይለያሉ። በረንዳ ወጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው፤ የላይኞቹ ሁለቱ በሐምራዊ መስመር ተጭረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር።

6. አንዱ በሁለት መስመር መለሰለት። አበባ መሸጫ ሄዶ ፔላርጎኒየም ብሎ ጠይቆ የተሰጠው ቀን ተመልሶ እንዲነግረን፣ እስከዚያው ግን ሰው በገዛ ደጃፉ የበቀለውን በፈለገው ስም እንዲጠራ እንዲፈቅድልን ጠየቀ።

7. ቁጥር 5 የሚመልስ ይመስል ነበርና ጅማ ነኝ ያለች ልጅ ቀድማ ገባች፤ ነገሩን ያበረደችው እርሷ ናት። የፔላርጎኒየም ዘመዶች አብዛኞቹ የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው፤ የጽጌረዳ ሽታ ያለውም ከዚያው ከኬፕ አካባቢ የወጣ ነው። ነገር ግን እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም አለች፤ በደቡባችን የተገኘና በቦረና ስም የተሰየመ ፔላርጎኒየም ቦራኔንስ የሚባል ቀይ አበባ ያለው ዝርያ አለ። ስም አራሚው ይህን ሲያነብ ቁጣውን ረስቶ ፎቶግራፍ ፍለጋ ገባ፤ ለሦስት ቀን አልተመለሰም።

8. ክሩን ክር ያደረገው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የመዓዛማና መድኃኒታማ እፅዋት ምርምር በሚካሄድበት በወንዶ ገነት አካባቢ ይህንኑ ተክል ለዓመታት እንዳለሙ ነገሩን። እንደ ባለሙያ የሚጽፉት በእርጋታ ነው፤ ነገር ግን ዩሪያውን ሲያነሱ ብዕራቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

የነገሩኝ ይህን ነው። የዘይት እጢዎቹ በብዛት የሚበቅሉት ቅጠሉ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ቅጠሉ ሲሰፋ እጢዎቹ አብረው አይበዙም፤ ይራራቃሉ። ዩሪያ ናይትሮጂን ነው፤ ናይትሮጂን ደግሞ ቅጠል ያሰፋል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ የማደርገው ያንኑ ጥቂት ሽቶ በሰፊ ሜዳ ላይ መበተን ነው። በየቀኑ የማጠጣው ውሃም ቅጠሉን ያወፍራል እንጂ ዘይት አይጨምርም። ከሁሉ የባሰው ጥላው ነው፦ ዘይቱን ለመሥራት ተክሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ የእኔ በረንዳ ግን (ፎቶግራፉ ላይ አይተውት ኖሯል) ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ተጋርዷል። ወገቤን ያለፈው ቁመትም የጤና ሳይሆን የብርሃን ፍለጋ ነው። ተክሉ እየሮጠ ነበር፤ እኔ እያደገ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ሽታውም አከሉ። ዘይቱ ውስጥ ዋናዎቹ ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ እነዚሁ ሁለቱ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥም ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ አፍንጫችን አልተሳሳተም፣ ጽጌረዳ ይሸታል ማለታችንም ምሳሌ አይደለም። በጄራኒየሙ ውስጥ ግን ኢሶሜንቶን የሚባል ናና ናና የሚል ነገርም አለ፤ ከጽጌረዳው ጀርባ የምትሰማዋ ቀዝቃዛ፣ ቅጠላማ ሽታ የእርሱ ናት።

መድኃኒቱ አጭር ነበር፦ ዩሪያውን ማቆም፣ አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ውሃ አለመስጠት፣ ተክሉን እስከ ግማሽ መቁረጥ፣ ፀሐይ ማስመታት፣ አዲስ ቅጠል መጠበቅ። አሮጌው ቅጠል አይታረምም።

9. ሦስት ሰዎች በአንድ መልስ ተባብረው አመሰገኑ፤ ሦስቱም ዩሪያ ሲሰጡ እንደነበር ተናዘዙ።

10. ከአርባ ምንጭ የጻፈ ሰው ተክሉን ከመስኮቱ ሥር ከተከለ ወዲህ የወባ ትንኝ ቤቱን እንደረሳው አበሰረን። ሁላችንም በየመኝታ ቤታችን ደጃፍ እንድንተክል፣ አጎበር የሚሉትን ሙቀት እንድንገላገል መከረ።

11. እዚህ ላይ ትሕትና አለቀ። የጤና ባለሙያ መሆኗን የተናገረች ሴት፣ ምክሩ ሰው ይገድላል አለች። ወባን በአበባ የሚከላከል ሰው ልጁን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚሮጥበትን ሌሊት እርሷ ታውቀዋለች። ማስረጃም አመጣች፦ ትንኝ ያባርራል ተብሎ ሲትሮሳ በሚል ስም ይሸጥ የነበረ የዚሁ ዘር ፔላርጎኒየም በካናዳ ሜዳ ላይ ተፈትኖ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል፤ ከተክሉ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ከሌሎቹ ባላነሰ ተነድፈዋል። ምክንያቱም መምህርቷ በቁጥር 2 ያሉት ነው፤ እጢው ካልፈነዳ ሽታው አይወጣም፣ ቆሞ የሚውል ተክል ደግሞ ራሱን አያሽም።

12. ሌላ ሰው ለፍትሕ ያህል ገባ። የካናዳው ፈተና የተደረገው ኤደስ በሚባሉት ትንኞች ላይ ነው፤ ወባ የምታስተላልፈው ግን አኖፌለስ ናት። ስለዚህ ማስረጃው ሙሉ አይደለም አለ። ቁጥር 11 ወዲያው መለሰች፦ አኖፌለስን እንደሚያባርር ማስረጃ ይዞ መምጣት ያለበት አባራሪ ነው የሚለው ወገን ነው፤ እስከዚያው አጎበሩ አይወርድም። እኔ በዚህ ከእርሷ ጋር ነኝ። የአርባ ምንጩ ሰው አጎበሩን መልሶ መስቀሉን ባይነግረንም ዝም አለ፤ ዝምታውን በበጎ ተርጉሜዋለሁ።

13. ከዚያ ክሩ ወደ ማጀት ዞረ። ቤይሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች እኅት፣ እዚያ ይህን ቅጠል ዕጥር ብለው እንደሚጠሩትና በየበረንዳው እንደሚያሳድጉት ጻፈች። የበለስ ማርማላታ ሲፈላ ሁለት ሦስት ቅጠል ይጨመርበታል፣ ከመውረዱ በፊት ይለቀማል። መጀመሪያ ያየችው ቀን ጓሮ ያለውን አረም ድስት ውስጥ የጨመሩ መስሏት እንደደነገጠች፣ በኋላ ግን ከዚያ ቤት ይዛው የወጣችው ደግ ነገር ይህ ሽታ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ሌላ አላብራራችም፤ ማንም አልጠየቃትም። አሁን ማርማላታውን በራሷ ምድጃ፣ ለራሷ ልጆች ትሠራለች። መርዝ ያልተረጨበትን ቅጠል ብቻ እንድንጠቀም አደራ ብላ፣ ሽታው ለምግብ የሚጨመረው በቅጠሉ እንጂ በጠርሙስ በሚሸጠው ዘይት እንዳልሆነ አሳሰበች።

14. ይህን ያነበበ ወጣት ቡና ላይ እንደ ጤና አዳም ጣል አድርጎ እንደሞከረውና ግሩም እንደሆነ አወጀ።

15. የቡና ሰዎች ተነሱ። አንድ አዛውንት፣ ቡናን ከመታጠቢያ ቤት ሳሙና ጋር ማፍላት የሚፈልግ ሰው ሳሙናውን ለብቻው፣ ቡናውን ለብቻው ቢጠጣ እንደሚሻለው ጻፉ። በነገራችን ላይ ሳሙናው እውነት ነው፤ የጄራኒየም ዘይት ሳሙና ውስጥ ይገባል። ክርክሩ ግን እዚያ አልቆመም። ጤና አዳም ራሱ ልማድ ነው ወይስ መድኃኒት፣ ጨውና ቅቤ የሚጨምሩት ቡና ጠጪ ናቸው ወይስ ሾርባ ጠጪ በሚል አንድ ሙሉ ቀን ባከነ።

16. የጉራጌ ተወላጅ መሆኑን የገለጸ ሰው፣ የአያቱን ቅቤ የገባበት ቡና ሾርባ ብሎ የሰደበ ስሙን ይዞ ይምጣ አለ። ስሙን ይዞ የመጣ አልነበረም።

17. እኔ ገብቼ፣ እባካችሁ ወደ ቅጠሉ እንመለስ ብዬ ለመንኩ። አንድ ሰው ለዚህ ልመናዬ የስኒ ሥዕል መለሰልኝ።

18. የመለሰን የቆቃ ሰው ነው። የአበባ እርሻ ውስጥ የተቀጠረ ነው፤ እርሻው አበባ ሳይሆን የጄራኒየም ቁራጭ ወደ አውሮፓ ይልካል። ሥራውን እንዲህ አስረዳ። ረድፍ በረድፍ የቆሙ እናት ተክሎች አሉ፤ ሴቶቹ በስለት፣ እየተቻኮሉ፣ ከአመልካች ጣት የማይበልጥ ጫፍ ይቆርጣሉ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ተቆጥሮ በላስቲክ ከረጢት ገብቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በአውሮፕላን ይሄዳል። ሥር የሚያወጣው እዚያ ነው። የሚላከው በአብዛኛው ባለ ደማቅ አበባው፣ የቁጥር 1 ባለ ሚስማር ሽታው ነው። ወደ ግሪንሃውሱ የሚገባ ሰው ጫማውንና እጁን በመድኃኒት ሳይነክር አያልፍም። ቁም ነገሩ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ጄራኒየም ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ ሊሄድ ይችላል፣ ድንችና ቲማቲም ላይ ሲደርስ ግን ያጠወልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ፣ በ2020 ከጓቲማላ ወደ አሜሪካ በገቡ ጄራኒየሞች ላይ ተገኝቶ ብዙ ተክል ተወግዷል። ስለዚህ ጓሯችሁ ድንች ካለ፣ ከየትም የመጣ ጠውላጋ ጄራኒየም አጠገቡ አትትከሉ አለ።

ከዚያ አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ጨመረ። የጎረቤታቸው እርሻ ጽጌረዳ ነው፤ ለአበባ ማስቀመጫ ብዙ ቀን እንዲቆይ ተብሎ የተዳቀለ ነው፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከበሩ ላይ ጽጌረዳ የሚሸተው፣ አሥር ብር የማያወጣው የሚስቱ ጄራኒየም ነው።

19. ፍራንክፈርት የምትኖር ሴት በየግንቦቱ ለበረንዳዋ የምትገዛው አበባ ከአገሯ ሄዶ ሊሆን እንደሚችል ስታውቅ ሳቅና እንባ እንደያዛት ጻፈች። የጽጌረዳ ሽታ ያለውንም ታሳድጋለች። ውርጭ ስለሚገድለው በጥቅምት መጨረሻ ቆርጣ ቀዝቃዛና ብርሃን ያለው ደረጃ ላይ ታስገባዋለች፤ ውሃ የምትሰጠው በስስት ነው። ክረምቱን ሙሉ የሞተ ይመስላል፤ ኮቷን ለብሳ ስታልፍ እጅጌዋ ሲነካው ግን አለመሞቱን ያስታውቃል።

20. አንድ ሰው ድመትና ውሻ ቅጠሉን ከበሉት እንደሚያስመልሳቸው፣ ምግብ እንደሚያስጠላቸው አስጠነቀቀ። ትክክል ነው። የኔ ድመት ከእኔ ይልቅ ጠቢብ ኖራለች፤ ቀርባው አታውቅም።

21. ከዚህ በኋላ ንግድ መጣ። ሥራ ፈላጊ መሆኑን የነገረን ወጣት፣ ዘይቱ በውጭ አገር በውድ እንደሚሸጥ ሰምቷል። የቤታቸው ጣራ ላይ ሃምሳ ማሰሮ ተክሎ በወር ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ጠየቀ።

22. የወንዶ ገነቱ ሰው ሒሳቡን በትዕግሥት ሠሩለት። ዘይቱ የሚወጣው እንደ አረቄ ነው፦ ከታች እንፋሎት፣ መሀል ቅጠል፣ ላይ ቱቦ፣ ቱቦው በቀዝቃዛ ውሃ ያልፋል፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ከአንድ ሺህ ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ዘይት ነው። ከአንድ ማሰሮ በአንድ ቆረጣ አንድ ኪሎ ቅጠል ተገኘ ቢባል እንኳን ሃምሳው ማሰሮ የሚሰጠው ሃምሳ እስከ መቶ ግራም ነው፤ የቡና ስኒ ይሞላል ወይም አይሞላም። ያም ቢሆን ከጽጌረዳ አንጻር ቸር ተክል ነው አሉ፤ ለአንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ኪሎ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። ሽቶ ሠሪዎች ጄራኒየምን የወደዱት ለዚሁ ነው፤ የጽጌረዳ ዘይት ነው ተብሎ በተሸጠው ውስጥም ብዙ ጊዜ ተደባልቆ ተገኝቷል። በጄራኒየም ዘይት ቀድሞ የታወቀችው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ሬዩኒየን ደሴት ነበረች፤ በአሮጌ ስሟ ቡርቦን ትባል ስለነበር ሽቶ ነጋዴው እስከዛሬ ቡርቦን ጄራኒየም ይላል። ዛሬ በብዛት የሚያመርቱት ግብጽና ቻይና ናቸው፤ በሄክታር እንጂ በማሰሮ አይደለም።

23. ይህ መልስ አንዱን አስቆጣው። የተማረ ሰው ሥራው የድሃን ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው ወይ፣ እርስዎ ደመወዝ እየበሉ ሌላው ማሰሮ እንዳይተክል ይከለክላሉ ወይ ሲል ጠየቀ። ቃሉ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ለስልሶ የቀረበው በእኔ ነው።

24. የወንዶ ገነቱ ሰው አልተቆጡም፤ ወይም ተቆጥተው አድረው ጻፉ። ለልጁ ተስፋ ሳይሆን ሊትሩን ብቻ እንደነፈጉት አስረዱ። ሃምሳ ማሰሮ ካለው ዘይት አያውጣ፤ ቁራጭ ያባዛ፣ ሥር ያስይዝ፣ ችግኙን ይሽጥ። አሠራሩንም ነገሩት፦ የመዳፍ ርዝመት ያለው ለጋ ግን ያልሳሳ ጫፍ ከአንጓው በታች መቁረጥ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ማንሳት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓት ጥላ ላይ መተው፣ አሸዋ በበዛበት አፈር መትከል፣ በላስቲክ አለመሸፈን፤ በላስቲክ ከታፈነ ግንዱ ይጠቁርና ይበሰብሳል። በሦስት አራት ሳምንት ሥር ይዛል። ወጣቱ አመስግኖ፣ ሃምሳ ማሰሮ ገና እንደሌለው፣ ያለው ሰባት እንደሆነ ተናዘዘ። ይህን የመሰለ ሐቀኛ ነጋዴ ይስጠን።

25. ስም አራሚው ከቦረና ፍለጋው ተመለሰ፤ ግን በዚህ ጊዜ ስም አላረመም። አፍንጫ ሁልጊዜ የሚሸትተውን ነገር መስማት እንደሚያቆም አስታውሶ፣ ከእኔ ጋር የማይኖር ሰው ጠርቼ እንዳሸትት መከረኝ። ምናልባት የጠፋው ሽታው ሳይሆን አፍንጫዬ ነው አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበርና የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን ጠራኋት። አሽታ አሽታ፣ ጎመን ነው ወይ አለችኝ።

26. የመጨረሻው የዚያው የቡናው አዛውንት ነው፤ የሳሙናውን ነገር ትተው በቁም ነገር መጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ እናትህ ማዳበሪያ ትሰጠው ነበር ወይ? አትሰጠውም ነበር። ባልዲው ቂጡ ተበስቶ ነበር፤ ውሃ የምታጠጣው ስታስታውስ ነው፤ ረፋዱን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሰው ሁሉ ሲያልፍ ይቀነጥሰዋል።

ለጠየቃችሁኝ፣ የሆነው ይኸው ነው። ዩሪያውን ለጎረቤቴ ሰጠሁ፤ የሳር ሜዳ ላላት እኅቷ ትወስደዋለች። ተክሉን እስከ ግማሽ ቆረጥኩት፤ ሲቆረጥ አሳዘነኝ፣ ሁለት ዓመት የኮራሁበት ቁመት ነው። የሕንፃችን ጠባቂ ፈቅዶልኝ ጣራ ላይ፣ የውሃ ታንከሩ ጎን፣ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ያህል ግንድ ብቻ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ከየአንጓው ጥፍር የምታክል፣ ክርትፍትፍ ያለች፣ ፀጉራም ቅጠል ወጣች።

ባለፈው እሑድ እናቴ ለሠርግ ከቢሾፍቱ መጥታ ነበር። አራት ፎቅ ደረጃ ጉልበቷ እንደማይችል እያወቅሁ ጣራ ድረስ አወጣኋት፤ በየመሐሉ እያረፈች፣ እያማረረች ወጣች። ተክሉን ስታይ ምነው እንዲህ አድርገህ ጨፈጨፍከው ብላ ተቆጣችኝ። ጎንበስ ብላ አንዷን ለጋ ቅጠል በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገቻት፣ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አቀረበች፣ ምንም አላለችም። ከዚያ ጫፉን ቀነጠሰችና በነጠላዋ ጥግ ቋጥራ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።